ቲንቲን ከወረቀቱ ሲወጣ

ከመክፈቻው የስም ዝርዝር ቀጥሎ ካሜራው የሚያወርደን አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መሃል ነው። አንድ የመንገድ ሠዓሊ ከፊቱ የተቀመጠውን ወጣት ይሥላል፤ እኛ ግን የወጣቱን ፊት ገና አላየንም። ሠዓሊው ሥራውን ጨርሶ ወረቀቱን ሲያስረክብ በላዩ ላይ የምናገኘው ከ80 ዓመት በላይ የኖረውን ያን ክብ ፊት ነው፦ ዓይኖቹ ሁለት የቀለም ነጥቦች፣ ቅንድቦቹ ሁለት ጭረቶች፣ ከግንባሩ በላይ ደግሞ ምንም ቢሆን አልተኛም ያለችው ቁንጮ። ወዲያው ወጣቱ ራሱ ይታያል፤ በቆዳው ላይ ብርሃን የሚያርፍበት፣ የጸጉሩ ዘለላ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ በኮምፒውተር የተሠራ ሰው። ሠዓሊውን አተኩሮ ያየ ተመልካች ደግሞ በእርሱ ላይ የኮሚክ ጀግናውን፣ የወጣቱን ጋዜጠኛ የቲንቲንን ፈጣሪ የኤርዤን መልክ ያገኝበታል።

በስቲቨን ስፒልበርግ ዳይሬክተርነትና በፒተር ጃክሰን ፕሮዲውሰርነት በ2011 የወጣው «የቲንቲን ጀብዱዎች» የተሰኘው የ107 ደቂቃ አኒሜሽን ፊልም በዚህች አጭር ጨዋታ የራሱን ፈተና ራሱ አስቀምጧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀጭን መስመር የኖረ ሰው ሥጋና ደም ሲለብስ ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል? ፊልሙን መጀመሪያ ብቻዬን፣ በቅርቡ ደግሞ ከ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅና ከ6 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ጋር ሆኜ አይቼዋለሁ። በሁለቱ እይታዎች መካከል አልበሞቹን፣ ማለትም የኮሚክ መጻሕፍቱን፣ ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና በማንበቤ ፍርዴ ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ለፊልሙ አንዳንድ ቦታ ለስለስ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠንከር ብሏል።

ኮሚክ የሚያነብ ሰው የጊዜው ጌታ ራሱ ነው። በአንዱ የሥዕል ሳጥን ላይ አንድ ሰከንድ፣ በሌላው ላይ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ያልገባውን ወደ ኋላ ገልጦ ያያል፤ በሁለት ሳጥኖች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት የሆነውንም በምናቡ ይሞላዋል። ሲኒማ ይህን ሥልጣን ከተመልካቹ ይወስድበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ወደ ፊልም ያመጣ ሰው ታሪኩን ሳይበርዝ በማቅረቡ ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ ከአንባቢው በወሰደው ጊዜ ምን እንደሠራበትም ሊጠየቅ ይገባል። በእኔ ግምት ይህ ፊልም ከወሰደው ጊዜ በግማሹ ተአምር ሠርቶበታል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ በሩጫ አባክኖታል።

ቤልጅየማዊው ኤርዤ ትክክለኛ ስሙ ዦርዥ ረሚ ሲሆን፣ የብዕር ስሙን ያገኘው የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት ገልብጦ በፈረንሳይኛው አነባብ «ኤር» እና «ዤ» ብሎ በማጣመር ነው። ቲንቲን ከነጭ ውሻው ከስኖዊ ጋር (በፈረንሳይኛው ሚሉ ይባላል) ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጃንዋሪ 10 ቀን 1929 በብራስልስ ይታተም በነበረ አንድ ጋዜጣ የልጆች ዕትም ላይ ነበር። ፊልሙ መሠረት ያደረጋቸው ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጡ ሦስት ታሪኮች ናቸው፤ ስማቸውም «የወርቅ ጥፍር ያለው ሸርጣን»፣ «የዩኒኮርን ምስጢር» እና «የቀዩ ራካም ሀብት» የሚል ነው። ሦስቱም በክፍል በክፍል የወጡት ከ1940 እስከ 1943 ባለው ጊዜ፣ ቤልጅየም በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለች፣ በወራሪው ቁጥጥር ሥር በነበረው «ለ ሷር» ጋዜጣ ነው።

ይህ የታሪክ ዳራ ለፊልሙ ከሚመስለው በላይ ጠቅሞታል። በዚያ ዘመን ወረቀት ጠፍቶ የ«ለ ሷር» የልጆች ዕትም በ1941 ሲቆም ቲንቲን በየሳምንቱ ከሚወጣ ሙሉ ገጽ ወደ ዕለታዊው ጋዜጣ ተዛውሮ በየቀኑ በአንዲት የሥዕል ረድፍ ተወሰነ። በየቀኑ ጥቂት ሳጥኖች ብቻ የሚሰጡት ሠዓሊ ደግሞ አንባቢው ነገም ጋዜጣውን እንዲፈልግ የዕለቷን ረድፍ በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ ድንጋጤ ወይም በአንድ ሳቅ መቋጨት አለበት። ከዚህም ሌላ በወረራው ዘመን ስለ ፖለቲካ መሣል አደገኛ ስለነበር ኤርዤ ፊቱን ወደ ባሕር ወንበዴ፣ ወደ ተደበቀ ካርታና ወደ ሰመጠ መርከብ አዞረ። ቀደምት አልበሞቹ፣ በተለይም በኮንጎ የሚካሄደው፣ በያዙት የቅኝ ግዛት ዘመን አመለካከት የተነሣ ዛሬ ያለ ማብራሪያ ለልጅ የሚሰጡ አይደሉም። ሀብት ፍለጋው ግን አላረጀም፤ ስፒልበርግና ጃክሰን ከሁሉ መርጠው ይህን ማንሣታቸው የመጀመሪያው ትክክለኛ ውሳኔያቸው ነው።

ስፒልበርግ የቲንቲንን ስም የሰማው በ1981 ሲሆን፣ ምክንያቱም ስለ ራሱ የጀብዱ ፊልም የተጻፈ አንድ ሂስ ሥራውን ከቲንቲን ጋር ማነጻጸሩ ነበር። አልበሞቹን አስመጥቶ ፈረንሳይኛውን ሳያነብ በሥዕሎቹ ብቻ ታሪኩን መከተል መቻሉ ለኤርዤ ሙያ ከሁሉ የበለጠ ምስክርነት ይመስለኛል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይገናኙ ኤርዤ በማርች 1983 ዐረፈ፤ የፊልሙም ሐሳብ ሩብ ክፍለ ዘመን ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ። ስፒልበርግ በመጀመሪያ ያሰበው በእውነተኛ ተዋንያን ለመቅረጽ ነበርና ከጃክሰን የፈለገው ውሻውን በኮምፒውተር እንዲሠራለት ብቻ ነበር። ጃክሰን ግን ሰው ሁሉ በኮምፒውተር ካልተሠራ የኤርዤ ዓለም የጭምብል ጭፈራ ይመስላል ብሎ አሳመነው። እርግጥም ነው፤ በ1960ዎቹ በተዋንያን የተሠሩትን ሁለት የቲንቲን ፊልሞች ያየ ሰው የተለጠፈ ጢምና የተለጠፈ አፍንጫ በእውነተኛ ፀሐይ ሥር ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

የተመረጠው ዘዴ በሙያው ቋንቋ የትወና ቀረጻ የሚባለው ነው። ተዋንያኑ ነጠብጣብ የተለጠፈበት ጥብቅ ልብስ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ ፊታቸውን የምትቀርጽ ትንሽ ካሜራ አስረው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ፤ ዙሪያውን የተተከሉት ካሜራዎች የሚመዘግቡት የነጠብጣቦቹን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ በእጁ የያዘው መሣሪያ መስኮት ላይ ግን እነዚያው ተዋንያን ገና ባልተጠናቀቀው የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይታዩታል። ትወናው በ2009 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ወር በሚያህል ጊዜ ተቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ በኒውዚላንድ የሚገኙት የዌታ ዲጂታል ባለሙያዎች ሁለት ዓመት ያህል ፈጅተው ቆዳ፣ ጸጉር፣ ጨርቅ፣ ውሃና አሸዋ አለበሱት። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ እንቅስቃሴን መቅረጽ ብቻውን አኒሜሽን እንዳልሆነ አስቀድሞ በደንቡ አስፍሮ ነበርና ፊልሙ በ2012 የጎልደን ግሎብን የአኒሜሽን ሽልማት ቢያገኝም ለኦስካር የታጨው በሙዚቃው ብቻ ነው። ክርክሩ ለባለሙያዎቹ ይቆይ፤ ለተመልካቹ የሚታየው ፊቱ ነው።

ስለ ፊቱ ደግሞ ቅሬታ አለኝ። የኤርዤ አሣሣል «ጥርት ያለ መስመር» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙን በ1977 ያወጣለት ሆላንዳዊው ሠዓሊ ዮስት ስዋርተ ነው። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት አለው፣ ጥላ በጭረት አይገለጽም፣ ቀለሙም ያለ ድብልቅ ይሞላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምስጢሩ ያለው በሁለት ነገሮች አለመመጣጠን ነው፦ መኪናው፣ መርከቡ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ከእውነተኛ ዕቃ ተጠንቶ በትክክል ይሣላል፤ የቲንቲን ፊት ግን ባዶ ሊባል ጥቂት ይቀረዋል። አንባቢው ያንን ባዶ ፊት እንደ ጭምብል አጥልቆ በትክክለኛው ዓለም ውስጥ ይመላለሳል። ፊልሙ ፊቱንም እንደ በሩ እጀታ በትክክል ሲሠራው ያ አለመመጣጠን ጠፋ፤ ከእርሱም ጋር የአንባቢው መግቢያ በር ተዘጋ። ጄሚ ቤል ድምፁንና እንቅስቃሴውን በቅንነት ሰጥቶታል፤ ሆኖም ፊቱ ዝም ባለባቸው ጊዜያት፣ በተለይ ቀርበን ስናየው፣ ሰው ለመሆን አንድ እርምጃ የቀረው አሻንጉሊት ያየን ያህል ትንሽ ቅፍፍ የሚል ነገር አለ። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «እውነተኛ ሰው ነው ወይስ ካርቱን?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ታናሽየው ስለ ጉዳዩ ያነሣው ነገር የለም።

ይህ ቅሬታ ግን ለቲንቲን ወዳጅ፣ ለሰካራሙ የመርከብ አዛዥ ለካፒቴን ሃዶክ አይሠራም። ትልቅ አፍንጫ፣ የተንጨበረረ ጢም፣ እንደ ቦርሳ ያበጡ የዓይን ሥሮች ያሉት ሰው ቀድሞውኑ የተጋነነ ነውና ኮምፒውተሩ ቆዳውን በትክክል ቢሠራለትም ሥዕልነቱን አያጣም። አንዲ ሰርኪስ፣ ከዚህ በፊት በዚሁ ዘዴ ጎለምንና ግዙፉን ዝንጀሮ ኪንግ ኮንግን የተጫወተው፣ ለሃዶክ የሰጠው የሰውነት ክብደት አስገራሚ ነው፤ ሰክሮ ሲቆም ወለሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ከትከሻው ይታወቃል። የቀድሞ አባቱን ሰር ፍራንሲስንም የሚጫወተው እርሱው ነው፤ አንዱን አካል በሁለት ዓይነት አቋቋም፣ አንዱን ተጎንብሶ ሌላውን ተገትሮ፣ መለየቱ የትወና ቀረጻ ከጭምብል በላይ መሆኑን ያሳያል። ስኖዊ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአኒሜተሮች እጅ ሥራ ሲሆን፣ ከጀርባ ሆኖ የራሱን ትንሽ ታሪክ ሲያካሂድ መመልከቱ ብቻውን ለሁለተኛ እይታ በቂ ምክንያት ነው። ትልልቆቹ ሲነጋገሩ እርሱ ማስረጃውን አስቀድሞ አግኝቷል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ስቲቨን ሞፋት፣ ኤድጋር ራይትና ጆ ኮርኒሽ የጻፉት ስክሪፕት ሦስቱን አልበሞች የሰፋበት መንገድ በጣም ብልህ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክሩ ይታያል። በአልበሙ ቲንቲን የሰር ፍራንሲስን መርከብ የዩኒኮርንን ሞዴል ከገበያ የሚገዛት ለወዳጁ ለሃዶክ ስጦታ ነው፤ ሁለቱ ከተዋወቁ ቆይተዋል። ፊልሙ ግን ገዝቶ ቤቱ እንዲያስቀምጣት፣ እንዲዘረፍ፣ በበሩ ላይ ሰው ተተኩሶበት እንዲወድቅ፣ እርሱም ተጠልፎ ካራቡጃን በተባለች መርከብ እንዲወሰድና እዚያ፣ በገዛ መርከቡ እስረኛ የሆነውን ሰካራሙን ሃዶክን እንዲያገኝ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ክፍል የተወሰደው ከሸርጣኑ አልበም፣ ሃዶክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየበት ታሪክ ነው። ጸሐፊዎቹ የተረዱት ነገር የሀብት ፍለጋው ልብ ያለው ሀብቱ ላይ ሳይሆን የአያቶቹን ታሪክ በመጠጥ የረሳ ሰው ታሪኩን ማስታወስ መቻል አለመቻሉ ላይ መሆኑን ነው። ምስጢሩ በሃዶክ ራስ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መክፈቻውም ጠርሙስ ወይም የጠርሙስ አለመኖር ነው። ኤርዤ በሁለት የተለያዩ ታሪኮች የበተነውን ይህን ነገር ፊልሙ አንድ አድርጎታል፤ እዚህ ላይ ከምንጩ ይልቅ የጠነከረ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክሩ የሚታይበት ቦታ ሳካሪን ነው። በአልበሙ ሳካሪን የመርከብ ሞዴል የሚሰበስብ፣ ጢሙ የሚያስጠረጥረው፣ ነገር ግን ምንም ያላጠፋ ሰው ሲሆን፣ እውነተኞቹ ክፉዎች የማርሊንስፓይክ ቤተ መንግሥት ባለቤት የሆኑ ሁለት ወንድማማች የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው። ፊልሙ ወንድማማቾቹን አስወግዶ ሳካሪንን የባሕር ወንበዴው የቀዩ ራካም ዘር አደረገው፤ ዳንኤል ክሬግም ሁለቱንም ይጫወታል። ለሲኒማ አንድ ባላንጣ ከሁለት ይሻላል፤ የአባቶች ጠብ በልጆች መደገሙም ለመጨረሻው ፍልሚያ ምክንያት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ኤርዤ በንጹሑ ሳካሪን በኩል ያቀረበው ደስ የሚል ነገር፣ ማለትም መልኩ ወንጀለኛ የሚመስል ሁሉ ወንጀለኛ አለመሆኑ፣ ጠፍቷል። በፊልሙ ክፉ የሚመስለው ሰው በመጀመሪያ ከታየበት ቅጽበት ጀምሮ ክፉ ነው፤ የ6 ዓመቱም ልጅ ገና ሲያየው አውቆታል።

አሁን ወደ ተአምሩ ልምጣ። በአልበሙ ሃዶክ የቀድሞ አባቱን ውጊያ ለቲንቲን የሚተርከው ሳሎኑ ውስጥ፣ ጎራዴ መዞ፣ ትራስ እየሰነጠቀ፣ ወንበር እየገለበጠ ነው፤ በመጨረሻም ራሱን በአባቱ ሥዕል ሸራ ውስጥ አሳልፎ በአባቱ ፊት ምትክ የራሱን ፊት ያወጣል። ኤርዤ ሳሎኑን በአንድ ሳጥን፣ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን መርከብ በሚቀጥለው እያፈራረቀ ይሣላል፤ ሁለቱን ዘመናት የሚያጋጥማቸው የአንባቢው ዓይን ነው። ፊልሙ ሳሎኑን ትቶ ትረካውን ወደ በረሃ አወጣው። ሃዶክ በውሃ ጥም ተቃጥሎ፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ስካሩ ለቆት፣ በአሸዋው ላይ እየተንገዳገደ ሳለ ከአሸዋ ክምሩ ጀርባ ዩኒኮርን ሸራዋን ዘርግታ ብቅ ትላለች፤ ክምሩ ማዕበል ይሆናል፣ ማዕበሉም ክምር። በኋላ በደረሱበት ምሽግ ውስጥ ትረካው ሲቀጥልም ካፒቴኑ በክፍሉ ውስጥ የጀመረው የጎራዴ ምት በመርከቡ ወለል ላይ ያርፋል። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል የነበረው ነጭ ክፍተት እዚህ በካሜራ እንቅስቃሴ ተተክቷል፤ ተመልካቹ የተነጠቀው ጊዜ በሌላ መልክ ተመልሶለታል። ሁለቱ ወዳጆች ሲጨባበጡ የተያያዙት እጆች ቀስ በቀስ የበረሃ ኮረብታ የሚሆኑበት ሽግግርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በእውነተኛ ካሜራ የማይቻል፣ በወረቀትም ያልተሞከረ፣ የአኒሜሽን ብቻ የሆነ ነገር ነው።

ኤርዤ ከሣላቸው ሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው ሁለት ሳጥኖች እንደነበሩ በቃለ ምልልስ ተናግሯል። አንደኛው በሸርጣኑ አልበም ያለው ነው፦ ሃዶክ በቁጣ ሲጮህባቸው የበረሃ ሽፍቶቹ ሲሸሹ ይታያሉ፤ አንዱ ገና ተኝቷል፣ ሌላው እየተነሣ ነው፣ ሦስተኛው ቆሟል፣ ሌላው ሮጧል። ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከመተኛት እስከ መሮጥ ያደረገውን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ያየን ይመስለናል። ሁለተኛው በራካም አልበም ሃዶክ ከጀልባ ወርዶ የደሴቱን ዳርቻ የሚረግጥበት ሲሆን፣ ከበስተኋላው ያለው ጀልባና ከእርሱ ራቅ ያለው መርከብ ከየት እንደመጡና አሁን የት እንዳሉ በአንድ ቋሚ ምስል ይነግሩናል። እንግዲህ የእኚህ ሰው ጥበብ እንቅስቃሴን ባለመንቀሳቀስ ማሳየት ነበር። በፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ስለሚንቀሳቀስ እንቅስቃሴው ራሱ ትርጉሙ ይሳሳል።

በባጋር ከተማ የሚካሄደው ማሳደድ ለዚህ ሁለት ገጽ ያለው ምስክር ነው። ጎን መቀመጫ ያለው ሞተር ብስክሌት ቁልቁል ይወርዳል፣ ከኋላ የፈረሰው ግድብ ውሃ ከተማዋን ይዞ ይጎርፋል፣ የሳካሪን ጭልፊት ወደ ሀብቱ የሚመሩትን ሦስት ወረቀቶች ነጥቃ ትበርራለች፣ ታንክ ደግሞ አንድ ሆቴል ጎትቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ያወርዳል፤ ይህ ሁሉ የሚታየው ያለ አንዲት ቁርጥ በአንድ ትንፋሽ በተያዘ ቀረጻ ነው። ከነጎድጓዱ ሥር የጠራ አሠራር አለው፤ ሦስቱ ወረቀቶች በእያንዳንዷ ሰከንድ በማን እጅ እንዳሉ ዓይናችን አይስትም። ሁለቱም ልጆች ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነው ያዩት፤ እኔም ብሆን ከዚያ ዓመት ፊልሞች ሁሉ ይህን የሚያህል የማሳደድ ትዕይንት አላስታውስም። ችግሩ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ሃዶክና ሳካሪን በወደቡ የዕቃ ማንሻ ክሬኖች ውስጥ ገብተው በብረት ክንድ ሲፋለሙ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የአባቶቹ ጎራዴ በልጆቹ ክሬን ተተካ ማለት ነው። ነገር ግን ከባጋሩ ማሳደድ ብዙም ሳንቆይ ሌላ ትርምስ ሲመጣ ጆሮም ዓይንም ደክሟል፤ ክብደት ያለው ዕቃ ሁሉ ያለ ክብደት ይወድቃል፣ የሚጎዳም ሰው የለም። የ6 ዓመቱ ልጅ በዚህ መሃል ውሃ ሊጠጣ ተነሥቶ ሄደ፤ ሲመለስ ምን እንዳለፈው አልጠየቀም።

ከዚህ ትርምስ ይልቅ የፊልሙ ጸጥ ያሉ ቀልዶች የኤርዤን እጅ ይበልጥ ይመስላሉ። መንትያ የሚመስሉት መርማሪዎች ቶምሰንና ቶምፕሰን፣ ኪስ አውላቂው ሰውዬ ቤቱ ጋብዟቸው ለዓመታት የሰበሰባቸውን የገንዘብ ቦርሳዎች በፊደል ተራ ደርድሮ ሲያሳያቸው፣ ሌባው ከፊታቸው መቆሙን ለመረዳት የሚወስድባቸው ጊዜ ልክ የኮሚኩ ጊዜ ነው። ካሜራው አይጣደፍም፤ ሰዎቹ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ አይገባቸውም፣ እንደገና ያያሉ። የኦፔራ ዘፋኟ ካስታፊዮሬ በሦስቱ አልበሞች ውስጥ ባትኖርም እዚህ መጥታ በድምፅዋ ጥይት የማይበሳውን መስታወት መስበሯ ከባሕርይዋ የፈለቀ በመሆኑ ባዕድ አይመስልም። የጆን ዊልያምስ ሙዚቃም በመክፈቻው፣ ጥቁር ምስሎቹ በጠፍጣፋ ቀለም ላይ ሲሯሯጡ፣ ከጃዝ ጋር ተዳቅሎ ይጫወታል፤ በኋላ ግን ትርምሱን ተከትሎ ያለ እረፍት ሲነፋ ከኦርኬስትራው የማስታውሰው ዜማ አነስተኛ ነው።

ለቤተሰብ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አዎ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አካባቢ በቲንቲን በር ላይ የሚተኮስበት ሰው ጣቶቹን በራሱ ደም ነክሮ በጋዜጣ ላይ ፊደላትን ምልክት ያደርጋል፤ ነገሩ በጭካኔ ባይታይም ታናሽየው እጄን ይዞ ነው ያለፈው። ሌላው የሃዶክ መጠጥ ነው። ኤርዤ በመጠጡ ያስቃል፣ ያሳፍረዋልም፤ ፊልሙም እንዲሁ ሁለቱን ለመያዝ ይሞክራል፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በማዕበል መሃል ሊወድቅ ሲል ካፒቴኑ በአልኮል የተሞላውን ግሳቱን ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው አግስቶ ሞተሩን ሲያስነሣ ነገሩ ከሁለቱም ይወጣል። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ ደግሞ ማታ «መጠጥ አውሮፕላን ያበራል?» የሚል ጥያቄ ለመመለስ ተገደድኩ። በስድቦቹ በኩል ግን ሥጋት አይግባችሁ። ኤርዤ ሃዶክን በልጆች ጋዜጣ ላይ እንደ መርከበኛ ለማሳደብ ስለማይችል ከእንስሳት፣ ከዕፅዋትና ከመዝገበ ቃላት የለቀማቸውን እንግዳ ቃላት በቁጣ አፍ አስጮኸው፤ ሐሳቡም የመጣለት በአንድ ገበያ የሰማት ነጋዴ ደንበኛን «የአራቱ መንግሥታት ስምምነት!» ብላ ስትሳደብ በማስታወስ ነው። ፊልሙ ይህንን ሀብት በቁጠባ ማውጣቱ ያስቆጫል፤ ከክሬኑ ትርምስ ሁለት ደቂቃ ቀንሶ ለስድብ ቢሰጥ እመርጥ ነበር።

የሌላውን ምርጫ ውጤት ለማየት የሚፈልግ ሰው በ1991 እና 1992 ለቴሌቪዥን የተሠራውን ባለ 39 ክፍል አኒሜሽን ይመልከት። እርሱ መስመሩን እንዳለ ጠብቆ፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተከትሎ ሄዷል፤ ከአልበሙ ብዙም አያፈነግጥም፤ ነገር ግን ገጽ ሲገለጥ የሚሰማውን ያህል የልብ ምት የለውም። የስፒልበርግ ፊልም ከእርሱ ይልቅ አንድ መቶ ጊዜ ይሳሳታል፤ በሳሎኑና በበረሃው መካከል ግን አንድ ጊዜ እንዲያ ያለ በር ከፍቷል። በእኔ ሚዛን ይህ ይበልጣል።

ፊልሙ የሚያበቃው በማርሊንስፓይክ ምድር ቤት፣ በሉሉ ውስጥ የተደበቀው ጥቂት ሀብት ከተገኘ በኋላ ነው፤ ቀሪው ባሕር ግርጌ እንዳለ የሚጠቁም ሌላ ፍንጭም ይወጣል። ሁለተኛውን ክፍል ጃክሰን እንዲያዘጋጀው ታስቦ ነበር፤ ከ2011 ወዲህ ግን ሲኒማ ቤት አልደረሰም። የእህቴ ልጅ «ከዚያስ?» ስትለኝ ያቀበልኳት የራካምን አልበም ነው። ሁለተኛው ፊልም ቢመጣ ይዞት ይመጣ የነበረው፣ ከመጀመሪያውም በመቅረቱ በጣም የማዝንበት፣ ጆሮው የማይሰማው ፕሮፌሰር ካልኩለስ በሻርክ ቅርጽ የሠራትን ሰርጓጅ መርከቡን ይዞ እዚያ ውስጥ ይጠብቃታል። ፊልሙን ከማየቷ በፊት ገጾቹን ፈጥና የምትገልጥ ልጅ ነበረች፤ ሃዶክ ከጀልባ ወርዶ ዳርቻውን የሚረግጥበት ሳጥን ላይ ስትደርስ ግን ቆም ብላ «እዚህ ጋ ምንም አይሮጥም» አለችና ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች።